በመዶሻ የተገዛው ቤት

ሰመራ
የካቲት 15 ቀን 2009 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ኃይለ ልዑል ተክለ ማርያም
አዋሽ ሰባት ኪሎ

አባዬ፣

እንዴት ሰነበትክ? ወገብህን እንዴት አደረገህ? የደም ግፊት ኪኒንህን ጠዋት ጠዋት እየዋጥክ ነው? ይህን በየቀኑ የምትጠይቅህ እማዬ ስለሌለች እኔ በወረቀት እጠይቅሃለሁ። እኔን ካልከኝ አለሁ። እበላለሁ፣ ሥራ እገባለሁ። ሰመራም እንደምታውቃት ናት፤ ነፋሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ አቧራውን ይዞ ይነሣል፣ የጅቡቲ ከባድ መኪኖችም ቀን ከሌት ያልፋሉ።

ስልክ ሳልደውልልህ ቀርቼ አይደለም። ከእማዬ ቀብር ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ደውዬአለሁ። ጎረቤትህ ኸሊዳ፣ "ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል፣ እሳቸው አጠገቡ ቁጭ ብለው ግድግዳ ያያሉ። ወላሂ በጣም ተቀይመውሻል" አለችኝ። እኔ ግን ስልኩን ያላነሣኸው ተቀይመህ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የምጽፍልህም ለዚሁ ነው። ፖስታውን በደንብ አሽጌ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ ለኸሊዳ ሱቅ ልኬዋለሁ። ከአንተ በቀር ማንም እንዲያነበው አልፈልግም።

ከሁሉ በፊት ልመናዬን ልጻፍ። ከዚያ ቤት ውጣ። በረንዳው ስለወደቀ አደጋው ያለፈ ይመስልህ ይሆናል። ሳሎኑም መኝታ ቤቱም በዚያው ጨዋማ ውሃ በተቦካ ኮንክሪት ነው የቆሙት። በሳሎኑ ማዕዘን ያለው የኮንክሪት ምሰሶ፣ ኮለኑ፣ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ለቀብር መጥቼ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንተ ግን አሁንም ከሥሩ አልጋ ዘርግተህ እንደምትተኛ ሰምቻለሁ። ለምን እንደማትወጣ ይገባኛል። ብትወጣ ቤቱ መጥፎ ነበር ማለት ይሆናል፤ ቤቱ መጥፎ ነበር ማለት ደግሞ መዶሻህ ተሳስቷል ማለት ይሆናል።

ስለ መዶሻው ልንነጋገር ነው፣ አባዬ። እስከ መጨረሻው አንብብልኝ።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ የባቡር ሠራተኞቹን ቤት የምንለቅበት ቀን ሲደርስ፣ ጋሽ እሸቴ አሠርቶ የሚሸጠውን ቤት አይቼ እንድነግርህ የጠራኸኝ አንተ ራስህ ነህ። "ቤት ልገዛ ነው፤ ልጄ መሐንዲስ ሆና ሳለች ሌላ ሰው አላስጠይቅም" ብለህ በኸሊዳ ስልክ አስነገርከኝ። ደስ አለኝ። ሰመራ ላይ ለአንድ መጋዘን መሠረት አልፈርምም ብዬ ከሥራ የታገድኩበት ሰሞን ስለነበር፣ ቃሌን የሚፈልግ ሰው መኖሩ ነፍስ ዘራብኝ።

ቤት ሲታይ ከቀለም አይጀመርም። እሸቴ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ አስቀብቶት ነበር፣ ያውም ቀለሙ ገና እየሸተተ። እኔ ከታች ጀመርኩ። ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ልስኑ አብጧል፤ በጥፍሬ ስነካው እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ረገፈ። ጣቴን ላስኩት፤ ጨው ነበር። ግድግዳውንም ላስኩት፣ ያው ነው። ከዚያ የበረንዳውን አራት ኮለኖች አየሁ። ቀለሙ ስንጥቁን ሸፍኖታል እንጂ አልደፈነውም። ስንጥቁ አግድም ቢሆን ብዙም ባላስፈራኝ፤ ነገር ግን የውስጡ ብረት፣ ፌሮው፣ በቆመበት መስመር ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፣ ዳሩም ላይ የዝገት እንባ አለው። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እንጨት ውስጥ የተመታ ሽብልቅ ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

በመጨረሻ ያንተን መዶሻ ተዋስኩና ኮለኖቹን መታሁ። አንደኛው መለሰልኝ፤ ሁለተኛውም እያጉረመረመ መለሰልኝ። ከበሩ ሲቆጠር ሦስተኛው ባዶ ጀሪካን የመታሁ ያህል "ዷ" አለና ሞተ።

ያን ድምፅ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ከድሬዳዋ የመጣው ባቡር የአዋሽ ለገሃር ቆሞ ሳለ፣ ዓይኔን በአንድ እጅህ ሸፍነህ በሌላው የፉርጎዎቹን የብረት እግር እየመታህ "ይኼስ? ይኼስ?" ትለኝ ነበር። ጤነኛው እንደ ደወል ይረዝማል፤ የተሰነጠቀው እንደ ነቃ ማሰሮ ባጭሩ ይቀራል። ጤነኛ ከሆነ ከፈረንሳዮቹ በወረስከው ቃል "ቦን" ትላለህ፣ ባቡሩም ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን እኔ ቀድሜ "ቦን አይደለም" ስል ለጓደኞችህ ሁሉ ሻይ ጋበዝክ። መሐንዲስ የሆንኩት ያን ዕለት ነው።

ጆሮዬን ብቻ አላመንኩም። ቤቱን የገነባውን ጋሽ ከማሉዲንን ፈልጌ የመኪና ማቆሚያው ጋ አገኘሁት፤ የሃምሳ ዓመት የወሎ ግንበኛ ነው።

"ጋሽ ከማሉዲን፣ ያ ሰማያዊ ቤት የእርስዎ ሥራ ነው አሉኝ" አልኩት።

"ግንቡ የእኔ ነው፤ ውሃው የእኔ አይደለም" አለኝ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ።

"የምን ውሃ?"

"የቧንቧው ውሃ የጠፋ ጊዜ እሸቴ ቦቴ ልኮ ከበሰቃ ሐይቅ ዳር አስቀዳ። ቀምሼ ተፋሁት። 'ጌታው፣ ይኼ ለግመልም አይሆን' ብለው 'አንተ ምን ቸገረህ፣ ቤቱ አይጠጣው' አለኝ። ጠጣው እንጂ፣ ልጄ። ጠጥቶ ጠጥቶ ሰክሯል።"

"ታዲያ ለሰው ለምን አልተናገሩም?"

"ማን ጠየቀኝ? ቤት ገዢ በሩን ከፍቶ ይዘጋል፣ ቀለሙን ያደንቃል፣ መብራቱን ያበራል። ግንበኛውን ፈልጋ የመጣች አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ፤ አላህ ያውቃል።"

ይህን ሁሉ ይዤ ነው ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ሽማግሌዎቹ ፊት የቆምኩት። ማን ማን እንደነበር ታስታውሳለህ፦ አንተ፣ እማዬ፣ እሸቴ፣ ትኬት ቆራጩ አቶ በላይና ሌላ አንድ ሽማግሌ፣ አክስቴ ፅጌረዳም ነበረች። ያየሁትን ከጻፍኩበት ወረቀት አንድ በአንድ ነገርኳችሁ። ይህ ቤት አይገዛ አልኩ።

እሸቴ ሳቀ። "ግድግዳ ስትልስ ነበር አሉኝ። ርቧት ከሆነ ምሳ ደርሷል።"

"ተው እሸቴ፣ ልጅቷ ተምራለች" አለ አቶ በላይ።

"ትማር፤ ማን ከለከላት? ሰመራ አልፈርምም ብላ ከወንበሯ ያስነሷት እኮ ናት። እዚህም መጥታ ያልተገባበትን ቤት ይወድቃል ትለናለች። ይኼ ምህንድስና ነው ሟርት? እኔ ሰው ደስታውን ሊያይ ሲል ወድቆ ይገድልሃል የሚል ትምህርት አላውቅም።"

አክስቴ ፅጌረዳ አማተበች። በዚያች ቅጽበት የተናገርኩት ሁሉ ከስሌትነት ወደ እርግማንነት ተለወጠ።

"አዋሽ የማንንም ወረቀት አምና አታውቅም" አለ እሸቴ፤ "የምታምነው የጋሽ ኃይለ ልዑልን መዶሻ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስንቱ ሰው በእሳቸው ቦን የገደሉን ድልድይ ተሻግሯል። እነሆ ኮለኑ፣ እነሆ መዶሻው። ይምቱና ይፍረዱ።"

መዶሻውን ከእጄ ወሰድክ። ደስ ብሎህ ነበር አባዬ፤ ጡረታ ከወጣህ ወዲህ እንደዚያ ቀጥ ብለህ ቆመህ አላየሁህም። አንደኛውን መታህ። ሁለተኛውን መታህ። ሦስተኛውን ስትመታ "ዷ" አለ፤ ከእኔ ጊዜ ይልቅ ጮክ ብሎ። አቶ በላይ እንኳ አንገቱን አዞረ። አንተ ምንም አልሆንክም። ጆሮህን ወደ ኮለኑ አዘንብለሃል፤ ዓይንህ ግን እኛ ላይ ነበር። ፊታችንን ታነብ ነበር።

ያኔ ገባኝ። ቴሌቪዥኑ ለምን ጎረቤት እስኪማረር እንደሚጮህ፣ በገዛ ስልክህ ሳይሆን ሁልጊዜ በኸሊዳ በኩል ለምን እንደምታስጠራኝ፣ እማዬ ስታናግርህ ለምን ከፊትህ ዞራ እንደምትቆም ገባኝ። ባቡሩ ሊቆም ሁለት ዓመት ሲቀረው ወገቤን አመመኝ ብለህ መዶሻውን ለወጣቶቹ የተውክበትም ምክንያት ገባኝ። ወገብህ አልነበረም። ሠላሳ አንድ ዓመት ብረት የመታ ሰው ጆሮውን ብረቱ ወስዶበት ነበር፤ አንተም አንድ ፉርጎ በስህተት ሳታሳልፍ፣ ለማንም ሳትነግር ራስህን አነሣህ። ያን ጊዜ ያደረግከው ትልቅ ነገር ነው። በረንዳው ላይ ግን አላደረግከውም።

አፌን ልከፍት ስል እማዬ ከኋላ እጄን ያዘችኝ። ወደ እኔ አላየችም። እሷን የሚያነብ ዓይንህ እንዳይደነግጥ ፊቷን እንደ ድንጋይ አደረገች። አንተም እሷን አይተህ ክፉ ምልክት አጣህ። "ቦን" አልክ።

እሷም ድምፁን ሰምታለች፣ አባዬ። የጥፍሯ ምልክት ሁለት ቀን እጄ ላይ ቆይቷል።

"ሦስተኛውን ድገመው" አልኩህ።

"አንዴ ቦን ካልኩ ቦን ነው" አልከኝ። "ወረቀቱ ያንቺ ነው፤ ድምፁ የእኔ ነው። ከእንግዲህ በቤቴ ላይ አታሟርቺ።"

አባቴ አይሰማም። ሁለት ቃል ነበር። አለቃዬን ፊት ለፊት አልፈርምም ያልኩ፣ እሸቴን ከነሽማግሌዎቹ የተጋፈጥኩ ሴት ሁለት ቃል አቃተኝ። ቦርሳዬን አነሣሁ፤ ማታ የመጣ መኪና ላይ ተሳፍሬ ወደ ሰመራ ተመለስኩ። ተቆጥታ ሄደች አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ተቆጥቼ ነበር። ግን የሸሸሁት ብቆይ ስለምናገር ነው። ብናገር ኖሮ ተዋርደህ ትውል ነበር፣ እማዬም ዛሬ ትኖር ነበር። ይህን ስሌት በየቀኑ እሠራዋለሁ፤ መልሱ አይለወጥም።

ጥር 14 ቀን ምድር አልተንቀጠቀጠችም፣ ነፋስም አልነበረም። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እማዬ ከበረንዳው ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ምስር ትለቅም ነበር። ሦስተኛው ኮለን ከወገቡ ተፈረከሰ፤ የበረንዳው የኮንክሪት ጣሪያ፣ ሶሌታው፣ ተከትሎት ወረደ። ድምፁ ነዳጅ ማደያው ድረስ ተሰማ ይላሉ። ኸሊዳ ከሱቋ በባዶ እግሯ ሮጣ ስትደርስ አንተ ጀርባህን ለበሩ ሰጥተህ ሳሎን ውስጥ የወንበር እግር ትጠግን ነበር። አቧራው ገብቶ ወንበሩ ላይ ሲያርፍ ነው ዞር ያልከው። "ድንጋጤ አድርቋቸው ነበር" ብላ ነው የምትናገረው። አዋሽ ሁሉ ይህን ያምናል። አንተ ግን ከሦስት እርምጃ ላይ አልሰማህም።

አላረምኳቸውም። እስከ ዛሬም ለማንም አልተናገርኩም።

ድንኳን ውስጥ የሆነውን ግን ልንገርህ፣ ምናልባት አላወቅከው ይሆናል። አክስቴ ፅጌረዳ ሴቶቹ ሁሉ ፊት "ቤቱን በአፍሽ ጣልሽባት፤ አሁን ማንን ልታለቅሺ መጣሽ?" አለችኝ። ከእማዬ ሬሳ ሳጥን አጠገብ ተነሥቼ ከድንኳኑ ደጃፍ ቆሜ አለቀስኩ። አንተ መሬት መሬት ታይ ነበር። እንዳልሰማህ ማመን እፈልጋለሁ። ሰምተህ ዝም ብለህ ከሆነ ግን አትንገረኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በእማዬ ወራሽነት እሸቴን ከስሼዋለሁ። ጋሽ ከማሉዲን ስለ ውሃው እመሰክራለሁ ብሏል፤ "ዘግይቼ ነው፣ ግን እናገራለሁ" አለኝ። እሸቴ የሰጠውን መልስ ትናንት አነበብኩ። እንዲህ ይላል፦ "ገዢው በዚህ ሙያ በከተማው የታወቀ ሰው ሲሆን፣ ቤቱን በገዛ እጁ መትቶና ሰምቶ፣ ልጁ ስትቃወም እያየ፣ በሽማግሌዎች ፊት ጤነኛ ነው ብሎ ገዝቷል።" ክርክሩ በሙሉ "ሰምቶ" በምትለው ቃል ላይ ነው የቆመው። እሸቴ ውሃውን ያውቅ ነበር፣ ከቀለሙ ሥር ያለውን ያውቅ ነበር። አሁን ደግሞ ያንተን ስም ጋሻ አድርጎ ከኋላው ተደብቋል።

ጠበቃዬ "ስለ አባትሽ የምታውቂው ነገር ካለ ተናገሪ" አለኝ። የለም አልኩት። ችሎት ፊት ቢጠይቁኝም አባቴን ጠይቁት እላለሁ። ጆሮህ ያንተ ነው፤ ምስጢሩን የምትከፍተውም አንተ ነህ። አንድ ጊዜ በዝምታዬ ላከብርህ ፈልጌ የሆነውን ሆነናል፤ ሁለተኛ ደግሞ በመናገር አላዋርድህም።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ተቆጥቼብሃለሁ። በአንተም በእማዬም በራሴም። የእሸቴን ኃጢአት በስምህ ተሸፍኖ ሲያልፍ አላይም። ሟርተኛ የሚለውን ስምም አልሸከምም። ኮለኑን ያየሁ እኔ ነኝ፣ የመታሁ እኔ ነኝ፣ የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር። ይህን ከአንተ አፍ፣ አዋሽ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ መስማት እፈልጋለሁ። ይቅርታ አልጠይቅህም፤ ቃልህን ነው የምፈልገው። ችሎቱ በሚውልበት መጋቢት 6 ቀን "አልሰማም ነበር" ብትል ማንም እንዳይስቅብህ አጠገብህ እቆማለሁ፤ የሚስቅ ካለም ከእኔ ጋር ይገናኛል። ዳኛው ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው አሉ። አፋቸው የሚታይህ ቦታ ላይ አስቀምጥሃለሁ። ያመለጠህን ወደ እኔ ዞር በል፤ እንደ እማዬ ፊት ለፊትህ ሆኜ እደግምልሃለሁ። ፊቴን ግን እንደ እሷ አላደነድንልህም። ያለውን ሁሉ ታነብበታለህ።

መዶሻው እኔ ጋ ነው። ከፍርስራሹ ውስጥ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ለዐርባዋ ስመጣ ይዤው እመጣለሁ። ከወደቀው በረንዳ ሌላ ቤቱ ከውጭ በኩል ሁለት ኮለን አለው። መዳፍህን አሳርፍባቸው፤ እኔ እመታለሁ። ጤነኛ ኮንክሪት ለእጅም ይመልሳል፤ የሞተው ግን መዳፍ ላይ ምንም አይልም። ሰሞኑን ቢሮ ግድግዳ ላይ ጆሮዬን በጥጥ ደፍኜ ሞክሬዋለሁ። ይሠራል። በእጅህ ስታውቀው አምነህ ትወጣለህ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኔን ከምታምን እጅህን ብታምን ይቀልሃል።

ኸሊዳ ከሱቋ ጀርባ ያለውን ክፍል አዘጋጅታልሃለች፤ ቆርቆሮና እንጨት ነው፣ ቢወድቅም አይገድልም። የጀበና ቡናዋ ላይም ጨው አታበዛም ብለህ ታውቃለህ አሉ፤ ስለዚህ ትስማማላችሁ።

እስክንገናኝ ከራስህ በላይ ያለውን ሁሉ እግዚአብሔር አጽንቶ ያቆይልህ። የእማዬን ነፍስ ጥላው በማይወድቅ ቦታ ያሳርፍልን።

ልጅህ
ወንጌላዊት ኃይለ ልዑል

ይህን ደግሞ አደራ። የምመጣው የካቲት 22 ቀን ነው፣ ስምንት ሰዓት ገደማ እደርሳለሁ። በሩን ባንኳኳ አትሰማኝም። ስለዚህ ወንበርህን አውጥተህ ከኸሊዳ ሱቅ ፊት ለፊት ከግራሩ ሥር፣ ፊትህን ወደ መንገዱ አድርገህ ጠብቀኝ። ከሩቅ እጄን አነሣልሃለሁ።